ሙቀቱ የት ይወርዳል? ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ሬዚስታንስ የተደረገ የሕዝብ ንግግር

 

የዛሬው ርእሴ ሬዚስታንስ ነው። ከፊት የተቀመጣችሁ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ቀመሩን ታውቁታላችሁ፤ ኮረንቲ በሬዚስታንስ ሲባዛ ቮልቴጅ ይሆናል። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ቀመሩን ባይሸመድዱትም ነገሩን ከእናንተ በላይ ኖረውበታል። የሚቃጠል ስፒና ገና ጭሱ ሳይታይ በሽታው ለይተው ምጣዱን የሚነቅሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ለሁለታችሁም የሚሆን ነገር ለመናገር እሞክራለሁ።

ዓላማዬ ቀመሩን ደግሞ ማስተማር አይደለም። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ከቆጣሪው ተነሥቶ በግድግዳው ሽቦ፣ በሶኬቱና በስፒናው አልፎ ምጣዱ ውስጥ የሚገባው ኮረንቲ በመንገዱ ሁሉ መጠኑ እኩል ነው። ሽቦው ውስጥ 16 አምፔር ካለ ምጣዱም ውስጥ 16 አምፔር ነው። ታዲያ ምጣዱ እንጀራ ሲያበስል የግድግዳው ሽቦ ለምን አይግልም? አንዳንድ ቀንስ ምጣዱ ደህና ሆኖ ሳለ ስፒናው የሚቀልጠው ለምንድን ነው? መጀመሪያ ሽቦ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ በአጭሩ እናያለን። ቀጥለን ነገሩን በልኬት ወዳሳየው ሰው እንሄዳለን። ከዚያ ወደ ምጣዱ ተመልሰን ረዘም ላለ ጊዜ እዚያው እንቆያለን። በመጨረሻ ስለ ረጃጅሞቹ የኃይል መስመሮችና ስለ ሰው ገላ ጥቂት እላለሁ።

ከሽቦው እንጀምር። መዳብ ውስጥ ከየአቶሙ የተለቀቁና በብረቱ ውስጥ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። ብዛታቸው ለማመን ያስቸግራል፤ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር መዳብ ውስጥ ወደ 85 ቢሊዮን ቢሊዮን ይጠጋሉ። ቮልቴጅ ስንሰጣቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ። ሲገፉ ግን በነፃ አይሮጡም። አቶሞቹ በየቦታቸው ሆነው ይርገበገባሉ፣ በመካከላቸውም እንከንና ባዕድ አቶም አይጠፋም። ኤሌክትሮኖቹ ከነዚህ ጋር እየተጋጩ ከግፊቱ ያገኙትን ጉልበት ያስረክባሉ፤ አቶሞቹም የባሰ ይርገበገባሉ። ያ መርገብገብ ነው ሙቀት የሚባለው። እንግዲህ ሬዚስታንስ ባለበትና ኮረንቲ ባለፈበት ቦታ ሁሉ ሙቀት አለ። በዛም አነሰም አለ።

ብዙ ሰው ኤሌክትሮኖች በሽቦ ውስጥ እንደ መብረቅ የሚበሩ ይመስለዋል። ኤሌክትሪሺያኖች ባለ 2.5 በሚሉት የመዳብ ሽቦ ውስጥ 16 አምፔር ሲያልፍ፣ የኤሌክትሮኖቹ የጉዞ ፍጥነት በሰከንድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ያውም ከመብራት ኃይል የሚመጣልን ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ የትም አይደርሱም፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ በሆነች ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ይውላሉ። ማብሪያውን ስትጫኑ አምፖሉ ወዲያው የሚበራው ከማብሪያው የተነሡት ስለደረሱለት አይደለም። ግፊቱ ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት መስመሩን ሁሉ ያዳርሳል፤ አምፖሉ ውስጥ ቀድሞውኑ የነበሩት ኤሌክትሮኖች እዚያው ሥራ ይጀምራሉ።

መጻሕፍት ይህን ሲያስረዱ ውሃና ቧንቧን ያመጣሉ፤ ቮልቴጁን እንደ ውሃ ግፊት፣ ሬዚስታንሱን እንደ ቧንቧ ጥበት። አልቃወምም። ነገር ግን ቧንቧ ሲቆረጥ ውሃው ሜዳ ላይ ይፈስሳል፤ ሽቦ ሲቆረጥ ግን ኮረንቲው ይቆማል እንጂ አይንጠባጠብም። ምሳሌውን እስከሚያገለግላችሁ ድረስ ተጠቀሙበትና ከዚያ ተዉት።

የሽቦ ሬዚስታንስ በምን እንደሚወሰን በክፍላችሁ ተምራችኋልና በፍጥነት ልለፈው። ሽቦው ሲረዝም ይጨምራል፣ ሲወፍር ይቀንሳል፣ እንደ ማዕድኑም ይለያያል። እንደ መዳብ ባለ ንጹሕ ብረት ላይ ደግሞ ሙቀት ሲጨምር አብሮ ይጨምራል። ልኩ አንድ በሆነ ሽቦ ሲወዳደሩ አሉሚኒየም ከመዳብ አንድ ጊዜ ተኩል በላይ ይቃወማል። የምጣድ ሽቦ የሚሠራበት ኒክሮም፣ የኒኬልና የክሮሚየም ቅልቅል ማለት ነው፣ ከመዳብ ከ60 ጊዜ በላይ ይቃወማል። 

አሁን ወደ ሰውየው። ጌኦርግ ሲሞን ኦም እ.ኤ.አ. በ1789 በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ የተወለደ የቁልፍ ሠሪ ልጅ ነው። ሥራውን የሠራው በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይደለም፤ በኮሎኝ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብና ፊዚክስ ያስተምር ነበር። እዚህ ላሉት መምህራን ስል ነው ይህን የማነሣው።

የኦም ችግር ሽቦ አልነበረም፤ ምንጩ ነበር። ቮልታ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ካስተዋወቀ ወዲህ ኮረንቲ በፈለጉት ጊዜ ይገኝ ነበር፤ ነገር ግን የዚያን ዘመን ባትሪ ገና መለካት ሲጀመር በርትቶ ወዲያው ይደክማል። ምንጩ እየተለዋወጠ የሽቦውን ጠባይ ማወቅ ዘበት ነው። ኦም እ.ኤ.አ. በ1825 ያሳተመው የመጀመሪያ ቀመር ሎጋሪዝም የገባበት፣ ዛሬ ማንም የማይጠቀምበት የተሳሳተ ቀመር ነበር። ያን ጊዜ የፊዚክስ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ፖገንዶርፍ ባትሪውን ትተህ የሙቀት ምንጭ ሞክር ብሎ መከረው። ዜቤክ የተባለ ሊቅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጋጥመው አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኮረንቲ እንደሚነሣ አሳይቶ ነበር።

ኦም ቢዝመትና መዳብ አጋጠመ። አንዱን መጋጠሚያ በሚፈላ ውሃ አሞቀ፣ ሌላውን በበረዶ አቀዘቀዘ። ውሃው እየፈላ፣ በረዶውም እየቀለጠ እስካለ ድረስ በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት አይነቃነቅም፤ ምንጩም አይዋዥቅም። እዚህ ላይ ውፍረታቸው አንድ፣ ርዝመታቸው የተለያየ ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን በየተራ ቀጠለ። የኮረንቲውን መጠን የለካው በመግነጢስ መርፌ ነው፤ ኮረንቲው መርፌዋን ገፍቶ ሲያዞራት፣ የተንጠለጠለችበትን ቀጭን ጥብጣብ ጠምዝዞ ወደ ቦታዋ ለመመለስ ምን ያህል ጥምዘዛ እንዳስፈለገው ያነባል። አምፔር መለኪያ ያልነበረበት ዘመን መሆኑን አትርሱ።

ያገኘው ውጤት እጅግ ቀላል ነው። የኮረንቲው መጠን አንድ ቋሚ ቁጥር ለሁለት ነገሮች ድምር ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ አንደኛው የተቀጠለው ሽቦ ርዝመት፣ ሁለተኛው ሽቦው ሲለዋወጥ የማይለወጥ ሌላ ቁጥር። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይህችን ሁለተኛዋን ቁጥር ይዘሏታል፤ እኔ ግን ከሁሉ የምወድደው እሷን ነው። የቀረው መሣሪያ፣ የምንጩም ጭምር፣ የራሱ ሬዚስታንስ ናት። ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ ራሱ ይቃወማል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ያረጀ የባትሪ ድንጋይ በመለኪያ ብትነኩት ወደ 1.5 ቮልት የሚጠጋ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ሬዲዮው ውስጥ ስትከቱት ግን ድምፅ የለም። መለኪያው የሚጠይቀው ኮረንቲ ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ የድንጋዩ ድካም አይገለጥም። ሬዲዮው ኮረንቲ ሲጠይቅ ግን በእርጅና ያደገው የውስጥ ሬዚስታንስ ቮልቴጁን እዚያው ውስጥ ያስቀረዋል። በገጠር የደከመ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ያያችሁ አላችሁ። ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ኬሚካላዊ ሥራ ያፋጥነዋል፣ የውስጥ ሬዚስታንሱም ለጊዜው ዝቅ ይላል፤ የዜና ሰዓት እስኪያልፍ ያደርሳል። የዕድሜ ማራዘሚያ ግን አይደለም።

ኦም መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1827 አሳተመ። በገዛ አገሩ የተቀበሉት ቀዝቀዝ ብለው ነው፤ የኮሎኙንም የማስተማር ሥራ ትቶ ሄደ። የለንደኑ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር የኮፕሊ ሜዳሊያ የሸለመው እ.ኤ.አ. በ1841 ሲሆን፣ በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነው ከመሞቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። ከእሱ በፊት ሄንሪ ካቨንዲሽ የተባለ እንግሊዛዊ ወደዚሁ ሕግ ተጠግቶ እንደነበር የታወቀው ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1879 የካቨንዲሽን ማስታወሻዎች ባሳተመ ጊዜ ነው። ካቨንዲሽ መለኪያ ስላልነበረው ኮረንቲውን በገዛ ገላው ላይ እያሳለፈ የትኛው ባሰ እያለ ያመዛዝን ነበር። ተማሪዎች፣ ይህን ቤታችሁ እንዳትሞክሩ፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ ወደ ምጣዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድን ገልብጦ ያየ ሰው ከሸክላው ሥር ከመሐል ጀምሮ እየዞረ ወደ ጠርዝ የሚወጣ ቦይ ያያል። በቦዩ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ የኒክሮም ሽቦ ተኝቷል። አንድ የተለመደ ምጣድ 3,500 ዋት ነው እንበል። በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ የሽቦው ሬዚስታንስ ወደ 13.8 ኦም ነው ማለት ነው።

ከቆጣሪው እስከ ሶኬቱ 20 ሜትር ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ አለ እንበል፤ መሄጃና መመለሻውን ስንቆጥር 40 ሜትር። ሬዚስታንሱን አስሉት፤ 0.27 ኦም አካባቢ ነው። ሙቀትን ለማግኘት ኮረንቲውን በራሱ አባዝተን በሬዚስታንሱ እናባዛለን፤ ጁል የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መግቢያ በውሃና በቴርሞሜትር ያረጋገጠው ሕግ ነው። ሽቦው ላይ 70 ዋት ገደማ ይወርዳል። ምጣዱ ላይ 3,500 ዋት። አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ፤ ኮረንቲው አንድ ሆኖ ሳለ ሙቀቱ እንደ ሬዚስታንሱ ድርሻ ይከፋፈላል። የምጣዱ ሬዚስታንስ የሽቦውን 50 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ ሙቀቱም 50 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ያ 70 ዋት ደግሞ በ40 ሜትር ላይ ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ ግድግዳችሁን አያሞቀውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው ከባዱ። ስፒናው አርጅቷል እንበል። የሶኬቱ የነሐስ ከንፈሮች ላልተዋል፣ የስፒናው እግር ጠቁሯል፤ የሚነካካው ቦታ ጠብቦ የመርፌ ጫፍ አክሏል። በዚህች መነካኪያ ላይ 0.3 ኦም ሬዚስታንስ ተፈጠረ እንበል። ከምጣዱ 13.8 ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የማይባል ቁጥር ነው። ግን አስሉት፤ ወደ 73 ዋት ይወርድባታል። ግድግዳው ውስጥ በ40 ሜትር ላይ ተዘርግቶ የነበረውን የሚያህል ሙቀት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ተሰበሰበ። ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ነሐሱ ይበልጥ ይጠቁራል፣ ከንፈሩ ይበልጥ ይላላል። ያን ጊዜ 0.3 የነበረው ይጨምራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ነገሩ ራሱን በራሱ እየመገበ ይሄዳል።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ብዙ ሰው «ባልቦላው አለ፣ ብሬከሩ አለ፣ ችግር ቢመጣ ይዘጋል» ብሎ ይተማመናል። ባልቦላም ሆነ ብሬከር የሚያውቀው የኮረንቲን ብዛት ብቻ ነው። የላላ ስፒና ግን ኮረንቲን አያበዛም። ሬዚስታንስ ጨመረ ማለት እንዲያውም ኮረንቲው ትንሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ በምሳሌያችን ከ16 ወደ 15.6 አምፔር። ብሬከሩ ይህን ሲያይ ምንም አላጠፋችሁም ይላል፤ ሶኬቱ ግን እየነደደ ነው። ስለዚህ ጋግራችሁ ስትጨርሱ ማጥፊያውን አጥፍታችሁ፣ እጃችሁን አድርቃችሁ፣ የስፒናውን ፕላስቲክ ዳስሱት። ለብ ቢል ያለ ነው። እጅ የሚያስለቅቅ ከሆነ ግን ስፒናውን ብቻ ሳይሆን ሶኬቱንም አስቀይሩ፤ አዲስ ስፒና በላላ ሶኬት ላይ መሰካት ያንኑ በሽታ ማስቀጠል ነው።

ዲቫይደርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፣ በሽታው ግን ሌላ ነው። ምጣድና ስቶቭ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሲሰኩ ሁለቱም 220 ቮልታቸውን ያገኛሉ፤ ኮረንቲያቸው ግን በዲቫይደሩ ሽቦ ላይ ይደመራል። የምጣዱ 16፣ የ2,000 ዋት ስቶቭ 9፣ በድምሩ 25 አምፔር። ሙቀቱ የሚጨምረው በኮረንቲው ካሬ ስለሆነ ቀጭኑ ሽቦ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሞቃል። ምጣድ በዲቫይደር መሰካት የለበትም፤ በዚህ ላይ መደራደር አልወድድም።

አሁን ተማሪዎችን የሚያጣላውን ጥያቄ ላንሣ። አንዱ ተማሪ ተነሥቶ «ሬዚስታንስ ሲበዛ ሙቀት ይበዛል፤ ስፒናው ምስክር ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «አይደለም፤ ኃይል ማለት የቮልቴጅ ካሬ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ነው፤ ሬዚስታንስ ሲያንስ ሙቀት ይበዛል» ይላል። ሁለቱም ከመጽሐፍ ነው የጠቀሱት፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ልዩነቱ ምን እንደቆመና ምን እንደሚለዋወጥ ነው። ስፒናውና ምጣዱ በአንድ መስመር ተከታትለው ስለሚገኙ ኮረንቲው ለሁለቱም አንድ ነው፤ እዚያ ሬዚስታንሱ የበዛው ይሞቃል። አጠቃላዩን ምጣድ ስታዩ ግን የቆመው የመብራት ኃይል 220 ቮልት ነው፤ እዚህ ሬዚስታንሱ ያነሰ ምጣድ ብዙ ኮረንቲ ስቦ ብዙ ይሞቃል። ቀመሩን ከመምረጣችሁ በፊት «የጋራቸው ምንድን ነው፣ ኮረንቲው ነው ወይስ ቮልቴጁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ይህ የፈተና ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የምጣድ ሽቦ ሲበጠስ ጠጋኙ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ ይጥልና የቀረውን ስቦ ይጠመዝዘዋል። የምጣዱ ባለቤት በማግስቱ «ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፤ ምጣዱ እንደውም በረታ» ይሉታል። «አይዞዎት እማማ፣ አሁን አዲስ ነው» ይላቸዋል። እውነት በርትቷል። 13.8 የነበረው ኦም ሽቦው ሲያጥር 12 ሆኗል፤ ምጣዱ ከ3,500 ወደ 4,000 ዋት ገደማ ወጥቷል፣ የሚስበውም ከ18 አምፔር በላይ ነው። ግን ይህን ሁሉ የሚሸከመው ያጠረ ሽቦ ነው፤ በእያንዳንዱ ስንዝር ላይ የሚወርደው ሙቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ጨምሯል። ተጠምዝዞ የተቀጠለበት ቦታ ደግሞ እንደላላው ስፒና የራሱ ሬዚስታንስ አለው። ምጣዱ ከወር በኋላ የሚበጠሰው እዚያው ላይ ወይም አጠገቡ ነው፤ ጠጋኙም እንደገና ይጠራል። ጠጋኙን ለመውቀስ አይደለም፤ አዲስ ሽቦ በልኩ ከመግዛትና አሮጌውን ከመቀጠል የሚመርጠው የምጣዱ ባለቤት ኪስ ነው።

የበዓል ዋዜማን አስቡ። ሰፈሩ ሁሉ ጋግሩ የተባለ ይመስል ምጣዱን ጥዷል። ከትራንስፎርመሩ እስከየቤቱ የሚመጣው መስመር ሬዚስታንሱ ትንሽ ነው፤ የሚሸከመው ኮረንቲ ግን የሁሉም ምጣድ ድምር ነው። ትንሿ ሬዚስታንስ በትልቁ ኮረንቲ ስትባዛ 40 ቮልት መንገድ ላይ ትበላለች። በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት 180 ቮልት ይደርሰዋል። ኒክሮም በሙቀት ብዙም የማይለዋወጥ ስለሆነ ሬዚስታንሱ ያው 13.8 ነው እንበል፤ ምጣዱ የሚሰጠው ወደ 2,340 ዋት ወረደ፣ ከወትሮው ሁለት ሦስተኛ። ቮልቴጁ የቀነሰው አንድ አምስተኛ አይሞላም፣ ሙቀቱ ግን አንድ ሦስተኛ ጎደለ። እንጀራው ዓይን አላወጣም ተብሎ ሊጡ የሚታማው ያን ቀን ነው። ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለችው ጎረቤት ግን በዚያው ሰዓት እንደ ልቧ ትጋግራለች።

ከሰፈር መስመር ወደ አገር መስመር እንሻገር፤ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ መስመር አለን፤ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም ነው የተሠራው። የሚሄድበትም ቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሆነ ስሌቱ ለእኛ ይቀልላል። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ቮልቴጅ አንድ ሚሊዮን ነው፤ አንዱ 500 ሺህ ወደ ላይ፣ ሌላው 500 ሺህ ወደ ታች። 2,000 ሜጋ ዋቱን ለዚህ አካፍሉት፤ 2,000 አምፔር ይመጣል። ይህንኑ ኃይል በቤታችን 220 ቮልት እንላክ ብንል ከ9 ሚሊዮን አምፔር በላይ ያስፈልግ ነበር። በመንገድ የሚጠፋው ሙቀት ደግሞ በኮረንቲው ካሬ ነው የሚያድገው። ቮልቴጁን 10 እጥፍ ማሳደግ ኮረንቲውን 10 ጊዜ፣ በመንገድ የሚጠፋውን 100 ጊዜ ይቀንሳል። ከታላቁ የህዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመርም 500 ሺህ ቮልት የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ሽቦው መዳብ ቢሆንና ወደ ብር ብንለውጠው የምናተርፈው ከአሥር እጅ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ቮልቴጅን ማሳደግ ግን ያን ሁሉ ያተርፋል። መሐንዲሶች ከሬዚስታንስ ጋር ግብግብ አልገጠሙም፤ ሬዚስታንሱ ባለበት መንገድ ላይ የሚያልፈውን ኮረንቲ አሳነሱት።

የቀረኝ የሰው ገላ ነው። እጃችሁን አድርቃችሁ የመልቲሜትር ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጅ ብትይዙ ብዙ መቶ ሺህ ኦም ሊያሳያችሁ ይችላል። 220ን ለዚህ ብታካፍሉ ከአንድ ሚሊ አምፔር በታች ይመጣና፣ ታዲያ ኮረንቲ ሰው እንዴት ይገድላል ትላላችሁ። ቆዳ የኦምን ሕግ አያከብርም። መልቲሜትሩ የለካችሁ በጥቂት ቮልት ነው፤ 220 ቮልት ሲመጣ የደረቀው የላይኛው ቆዳ መከላከሉ ይፈርሳል፣ ሬዚስታንሱም ወደ 2,000 ኦም አካባቢ ይወድቃል። እጅ ከረጠበ፣ እግር ባዶ ከሆነና ወለሉ ውሃ ካለበት ወደ 1,000 ይወርዳል። ያን ጊዜ ገላ ውስጥ የሚያልፈው ከ200 ሚሊ አምፔር በላይ ይሆናል። ለሕይወት የሚያሰጉት ግን ከ30 ሚሊ አምፔር ጀምሮ ያሉት ናቸው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ለዚህ አይንቀሳቀስም፤ ለእሱ 0.2 አምፔር አንዲት አነስተኛ አምፖል ናት። ሰውን የሚያድነው ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ በሚሄደውና በሚመለሰው ኮረንቲ መካከል 30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ሲያይ የሚቆርጠው። የውሃ ማሞቂያ ያለበት ቤት ሁሉ ይህ መሣሪያና የመሬት ሽቦ ሊኖረው ይገባል። የመሬት ሽቦ ትርፍ ወጪ ነው ብሎ የሚያስቀር ሠሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼ ልጨርስ። ከቤተ ሙከራችሁ መልቲሜትር በመምህራችሁ ፈቃድ ተዋሱ። ምጣዱ ከተነቀለና ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ፣ መለኪያውን በኦም ላይ አድርጋችሁ የስፒናውን ሁለት እግሮች ንኩ፤ የመሬቱን እግር ተዉት። ማብሪያ ማጥፊያ ካለው ማብራት እንዳትረሱ፤ አለዚያ መስመሩ ክፍት ነውና ምንም አታነቡም። ከምጣዱ ጀርባ የተጻፈውን ዋት አይታችሁ ምን ያህል ኦም ሊሆን እንደሚገባ አስቀድማችሁ አስሉና ካነበባችሁት ጋር አወዳድሩ። ካሰላችሁት በጣም ካነሰ ሽቦው ተቆርጦ ተቀጥሏል ማለት ነው፤ እናታችሁን መቼ እንደተጠገነ ጠይቋቸው። የመለኪያውን ጫፍ ይዛችሁ ስፒናውን ስታነቃንቁት ቁጥሩ ከዘለለ ደግሞ የስፒናው ብሎን ላልቷል። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱን የመለኪያ ጫፎች እርስ በርስ አነካኳቸው። ዜሮ መሆን ሲገባው 0.2 ወይም 0.3 ኦም ቢያሳያችሁ መለኪያው ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት፤ የገዛ ሽቦዎቹ ሬዚስታንስ ነው፣ ከምታነቡት ላይ ቀንሱት።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እናቶች እንጀምር።